መቶ ዓመት ተኝቶ የነቃው አዛዥ

«ዶንትለስ»ን ከጨረስኩ በኋላ ሌላ መጽሐፍ መጀመር አቃተኝ። ልቤ እዚያው ቀርቷል። የተሰማኝን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ደራሲው ጃክ ካምቤል ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ «ዘ ሎስት ፍሊት» የተባለው ረጅም የጠፈር ጦርነት ተከታታይ ልቦለድ መጀመሪያ ነው። ጃክ ካምቤል የብዕር ስም ነው፤ ሰውየው ጆን ሄምሪ ይባላል፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ መኮንን ነው። ይህን ባላውቅም ኖሮ የምጠረጥር ይመስለኛል። የካፒቴኖቹ ስብሰባ፣ የማዕረግ ሽኩቻው፣ «እሱ ማን ሆኖ ነው የሚያዘን?» የሚለው ጉርምርምታ፣ ውስጡን ኖሮ ያየ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

አሊያንስና ሲንዲኬት ወርልድስ የሚባሉ ሁለት ኃይሎች መቶ ዓመት ሲዋጉ ኖረዋል። የአሊያንስ መኮንን የሆነው ጆን ጌሪ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ መርከቡ ሲወድም በነፍስ ማዳኛ ካፕሱል አመለጠ። ካፕሱሉን ግን ያየ አልነበረም። መቶ ዓመት ሙሉ በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ጠፈር ላይ ተንሳፈፈ። ሲያገኙት አገሩ «ብላክ ጃክ» እያለ የጀግና አፈ ታሪክ አድርጎታል። ብዙም ሳይቆይ ያገኘው ጦር ጠላት መሃል ገብቶ ወጥመድ ውስጥ ወደቀ። አድሚራሉና ከፍተኛ መኮንኖቹ ለድርድር ሄደው ተገደሉ። ጌሪ ካፒቴን የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት ነውና በቀዳሚነት የሚስተካከለው የለም። አዛዥነቱ እሱ ላይ ወደቀ።

ሐሳቡ የመጣው ከጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ከዜኖፎን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት፣ አሥር ሺህ ያህል ግሪኮች የቀጠራቸው የፋርስ ልዑል ቂሮስ ሲሞት ፋርስ መሃል ቀሩ። የጦር አለቆቻቸውም ለንግግር ተጠርተው ተገደሉባቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ ቤት የመመለስ ትግል ነው። ካምቤል ያንን ወስዶ ከዋክብት መሃል ዘረጋው።

ውጊያው ላይ የምወደው ነገር ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ኔፕቱን ለመድረስ ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ። ስለዚህ ጠላትህ አምስት የብርሃን ሰዓት ርቆ ከቆመ፣ የምታየው ከአምስት ሰዓት በፊት የነበረበትን ነው። አሁን የት እንዳለ መገመት አለብህ። ለራቁት መርከቦችህ የምትሰጠው ትእዛዝም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መርከቦቹ በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም በሰከንድ 30,000 ኪሎ ሜትር ሲከንፉ ተኩሱ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሰዓታት የሚወስደው መጠበቁ ነው። እኔን ሰቅዞ የያዘኝም መጠበቁ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጌሪ ሲነቃ ያገኘው ጦር ጀግና ነው፤ መዋጋት ግን ረስቷል። ልምድ ያላቸው ለሌላው ሳያስተምሩ ስለሚያልቁ፣ የቀረው «ወደፊት!» ብሎ መግባት ብቻ ነው። ኮርቨስ በተባለው የኮከብ ሥርዓት ጥቂት የጠላት መርከቦች ሲታዩ፣ ካፒቴኖቹ ሰልፉን በትነው እየተሽቀዳደሙ ይከንፋሉ። ጌሪ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት! ትእዛዝ ለእነሱ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ነገር ሆኗል። ወታደራዊ ሰላምታ እንኳን ከማሪኖቹ፣ ማለትም መርከቦቹ ላይ ካሉት እግረኛ ወታደሮች በስተቀር የሚሰጥ የለም።

ከዚያ የምርኮኞቹ ጉዳይ አለ። ጌሪ ምርኮኛ መግደል የተለመደ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው። ይከለክላል። መጽሐፉ በስሟ የተሰየመባት መርከብ የዶንትለስ ካፒቴን ታንያ ዴስጃኒ መጀመሪያ የሚለው አይገባትም። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ቆየሁ። ዴስጃኒ ክፉ ሰው አይደለችም። ጎበዝ ናት፣ ታማኝ ናት፣ አባቶቿን የምትፈራ አማኝ ናት። ግን ጦርነቱ ውስጥ ተወልዳ ጦርነቱ ውስጥ አደገች፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የነገራት የለም። አንድ ቀን በአንዴ «እንግደላቸው» ብሎ የወሰነ አልነበረም። ትንሽ በትንሽ እዚያ ደረሱ። ይህ ነገር ከየትኛውም የመርከብ ፍንዳታ ይልቅ አስፈራኝ።

ስለ ማይክል ጌሪ ሳልጽፍ አላልፍም። የጌሪ ወንድም የልጅ ልጅ ነው፤ በዚያ የጀግንነት ስም ጥላ ሥር ስላደገ ጌሪን ይጠላዋል። ሌሎቹ እንዲያመልጡ ሪፐልስ የተባለች መርከቡን ይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ አንድ መልእክት ያስይዘዋል፦ ለእህቴ፣ ከእንግዲህ እንደማልጠላህ ንገራት። ዕድሜ ልክ የቆየ ጥላቻ በደቂቃ ውስጥ ሲፈታ፣ ያውም ለመታረቅ ጊዜ በሌለበት ሰዓት! አለቀስኩ።

ቅር ያሰኘኝም አለ። የሲንዲኬት ሰዎች ፊት የላቸውም። አለቆቻቸው ስግብግብና ጨካኝ ብቻ ናቸው። መቶ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ በዚያኛው ወገንም የራሱ ዴስጃኒ ይኖረዋል፤ እሷን ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። ጌሪም የሚያስበውን ደጋግሞ ያብራራል፣ አንዳንዴ ይበዛል።

ቢሆንም ወደሚቀጥለው፣ ወደ «ፊርለስ» እሄዳለሁ። ሲንዲኬት ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ለጊዜው ግድ የለኝም። የምከታተለው ዴስጃኒን ነው።