ከጥምቀት ማግሥት፣ ከወለቃ እስከ ደባርቅ

የጥምቀት እንግዳ ከጎንደር ሲወጣ የገጠሩ የማፍረሻ ወቅት ይገባል። እህሉ ተወቅቷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ ክረምቱ ገና ሩቅ ነው፤ ደቦ መጥራትም የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ያረጀ የገበሬ ግቢ እንዴት እንደሚፈርስ ማየት የፈለገ ሰው ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ከፒያሳ ተነስቶ የደባርቅን መንገድ ይያዝ፤ አያጣውም። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ አስጎብኚም ጠባቂም አለው። ግንቡን ሲቀልብ የኖረው ጎተራ ግን መንገድ ዳር ተነቅሎ ለማገዶ ሲጫን ዞር ብሎ የሚያይ መኪና የለም።

ወለቃን እንዳለፍን የመጀመሪያው ተገኘ። ከግድግዳ ግድግዳ 6 ሜትር የሚሆን ጎጆ ነው፤ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር፣ የጣራው ቁልቁለት 45 ዲግሪ ገደማ። ቁልቁለቱ የውበት ጉዳይ አይደለም። ቁልቁለቱ ከዚያ ካነሰ ውሃው ፈጥኖ አይወርድም፤ ሣሩ ውስጥ ይሰርግና ክዳኑን ያለ ዕድሜው ያበሰብሰዋል። በዚህ ሒሳብ ምሰሶው ከመሬት በላይ 5 ሜትር ይሆናል፤ ከመሬት በታች ደግሞ አንድ ክንድ ከስንዝር ይገባል። ያን ያህል ቀጥ ያለ ጽድ ወይም ወይራ በዚህ አካባቢ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ማየት ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ ከሚፈርስ ጎጆ ሁሉ ውዱ ዕቃ ምሰሶው ነው፤ የማፍረሱ ሥርዓትም የተበጀው እሱን ሳይሰብሩ ለማውረድ ነው።

መጀመሪያ ጉልላቱ ይነሳል። ጫፉ ላይ የተደፋው ገንቦ ደህና ከሆነ ይቀመጣል። ክዳን የሚከደነው ከታች ወደ ላይ ነውና ሲገፈፍ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው የላዩ ንብርብር ከነጥቀርሻው ይናድበታል። ሣሩ ሲያልቅ የምሰሶው አናት በሦስት ገመድ በሦስት አቅጣጫ ይወጠራል። ከዚያ ማገሩ፣ ዙሪያውን የታሰረው አግዳሚ እንጨት፣ ከላይ እየተፈታ ወጋግራው፣ ክዳኑን የተሸከመው ዘንግ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዱ ከምሥራቅ ከተነሳ ሌላው ከምዕራብ ይነሳል። በአንድ ወገን ብቻ ያራገፈ ሰው በቀረው ወገን ሸክም ምሰሶውን ያስገፋዋል። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው የታችኛው የማገር ቀለበት የሚፈታው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ጣራው ወደ ውጭ እንዳይበረገድ እንደ መቀነት ጠብቆ የያዘው እሱ ነውና። አደጋው የሚመጣውም ከዚህ ነው። የቸኮለ ወጣት መሰላል ሳይወጣ የሚደርስበትን የማገር ማሰሪያ ልጥ በገጀራ ይበጥሳል፣ ወጋግራው ባንዴ ይከፈትና ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፍቶ አብሮት ይወድቃል።

ምሰሶውን ደግሞ መቁረጥ ሳይሆን ቆፍሮ መንቀል ነው። እንጨት የሚበላው መሬቱ አፍ ላይ፣ ስንዝር ወደ ላይ ስንዝር ወደ ታች ነው፤ አየርና እርጥበት የሚገናኙት እዚያ ነው። ጥልቅ የተቀበረው የወይራ ጫፍ ሳይነካ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የተበላውን ወገብ በመጋዝ ጥሎ ሁለቱን ደህና ወገን ለበር መቃንና ለጉበን ማዋል ይቻላል።

የቤቱ ሞት ግን የሚጀምረው ድጅኖ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት፣ ምድጃው ወደ ውጭ በወጣ ቀን ነው። ጭስ ሣሩን ከውስጥ ያደርቀዋል፣ ወጋግራውን በጥላሸት ይለብጠዋል፣ እንጨት በሊታውንም ያርቃል። ማድቤት ለብቻው ሲሠራ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ደግ ነው፤ ምድጃው ይመለስ የሚል ካለ ጭስ ቤት ውስጥ ያላደረ ሰው ነው። ብቻ ቤቱ ያለ ጭስ እንዲኖር ታስቦ አልተሠራም። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ከማገሩ ሥር ቡን ያለ የእንጨት ዱቄት መርገፍ ይጀምራል፣ ልጡ ይላላል፣ ክዳኑ ከውስጥ ይሻግታል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ እንደገና መክደን ወይም ቆርቆሮ።

መክደኑ ከባድ የሆነው በሣሩ ነው። ታዛውን ጨምሮ የዚያ የ6 ሜትር ጎጆ ጣራ 54 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲከደን ከ13 ሜትር ኩብ በላይ ሣር ይበላል። ሰንበሌጥ ደግሞ የሚታጨደው ሳይጋጥ ቆሞ ከደረቀበት ቦታ ነው። ዳገቱ ታርሷል፣ የተረፈው ግጦሽ ሆኗል፣ ጠርዙ ባሕር ዛፍ ለብሷል። የተበሳውን ብቻ እጣፍ የሚል አለ፤ አያዋጣም። አዲሱ ሣር የበሰበሰው ላይ ሲታሰር የሚይዘው ስለሌለው በመጀመሪያው ነፋስ ይንሸራተታል።

ጎታው ሌላ ጣጣ ነው። ጎታ፣ የቤት ውስጥ የእህል ማስቀመጫ፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ቀለበት በቀለበት ይሠራል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይደረብበታል፣ ሥራውም ሁሉ ከቤት ውስጥ ነው። ሲያልቅ ከበሩ ይሰፋል። ቤቱ ሲፈርስ ጎታው ወይ ጣራው ተገፎ በግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ይህም ስምንት ጠንካራ ሰው ይፈልጋል፣ ወይ እዚያው ይሰበራል። ያየናቸው ሁሉ ተሰብረዋል፤ ስብርባሪው ተረግጦ ለአዲሱ ቤት ምርጊት ይገባል። የሠሩት እጆች የሴቶች ናቸው፣ ልክም በጽሑፍ የላቸውም። ቢያንስ የቀለበቱን ቁመት፣ የአፉን ስፋትና የግርጌውን ቀዳዳ ለክቶ መያዝ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደጅ የነበረው ጎተራ ለማፍረስ ቀላል ነው። በድንጋይ ላይ በቆመ የእንጨት መደብ የተቀመጠ ትልቅ ቅርጫት ነውና ክዳኑ ተነስቶ፣ ልስኑ ተቀጥቅጦ ተራግፎ፣ ሽመሉ ለአጥር ይሄዳል። አሥር ኩንታልና ከዚያ በላይ የሚይዘው ዕቃ ቦታውን ለማዳበሪያ ከረጢት ለቋል። ለጤፍ ጉዳት የለውም፤ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። ማሽላና በቆሎ ያለው ቤት ግን ከረጢቱን ቆርቆሮ ሥር ደርድሮ ሌሊት ጣራው ሲያልበው እህሉ ላይ ይንጠባጠብበታል። ከድሮው ጎተራ ሥር ነፋስ ያልፍ ነበር። ከረጢት ሥር ርብራብ እንጨት መደርደርና ከግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ የጎተራውን ሥራ በከፊል ይሠራል።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት የድንጋይ ግድግዳው በዛ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ በደህና ሲሠራ ሁለት ፊት አለው፤ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል፣ ሁለቱን ፊት ደግሞ አልፎ አልፎ ረጅም ድንጋይ ገብቶ ይሰፋቸዋል። ጣራ እስካለው ድረስ ዘመን ይሻገራል። ጣራው በጥር ተገፎ ግድግዳው ለከርሞ ከተባለ ግን ክረምቱ ከአናቱ ገብቶ የመሐሉን ጭቃ ያጥበዋል፤ ጠጠሩ ወደ ታች ይቀመጥና ፊቱን ይገፋዋል። ሰዎች ግድግዳው ሆድ አወጣ ይላሉ። ሆድ ያወጣ ግድግዳ ሥር ልጅም ጥጃም አይታሰርም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከሰኔ በፊት አናቱን በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭድ ጭቃ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መድፈን። ይህን ያደረገ ግቢ በመንገዳችን ሁለት ብቻ አየን።

የማይደፈነው ይሸጣል። ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ያለው የ6 ሜትር ጎጆ ከ20 ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ ግንብ ነው፤ ጭቃው ሲወጣለት አንድ ሲኖትራክ ይሞላል። ሊኖሩበት ማቆየት የሚፈልጉ ደግሞ በሌላ ስሕተት ያፈርሱታል፦ በጭቃ የተገነባውን ከውጭ በሲሚንቶ ይለስኑታል። ሲሚንቶው ከሥር የሚወጣውን እርጥበት አያስተነፍስም፤ ጭቃው ከውስጥ ይላላል፣ ልስኑ በሰፊው ይላጣል። በፋሲል ግቢም በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው ኋላ በኖራ መታረም ነበረበት። ለገበሬ ቤት ደግሞ ኖራ እንኳ ባይገኝ በጭድና በእበት የተቦካ ጭቃ ይበቃል።

ቆርቆሮውን አልነቅፍም፤ ከክብሪት እሳት የሚድን ጣራ ነው። ሲገዛ ግን የጌጁ ቁጥር ባደገ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ልብ ይሏል፤ 35 ጌጅ ርካሽ የሆነው ስለዚህ ነው፣ የወገራ፣ የዚህ የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ በረዶም ይህን ያስታውሰዋል። ከሥሩ የሚቆመው ባሕር ዛፍ ሳይላጥ ከተቀበረ ምስጥ ይገባበታል። ልጦ ማድረቅና የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ጥቂት ዓመት ይጨምርለታል።

ለከተማ መስፋፊያ የሚፈርሰው ደግሞ በግምት ነው የሚሄደው። በዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 የንብረት ካሳ የሚሰላው ንብረቱን ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። እንግዲህ ገማቹ ወረቀቱ ላይ አንድ የሣር ቤት ብሎ ካለፈ የወይራ ምሰሶውም የባሕር ዛፍ ዋጋ ያገኛል። ገማች ከመምጣቱ በፊት የእንጨቱን ዓይነት ከነቁጥሩ፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የበረቱንና የአውድማውን ስፋት ጽፎ፣ ሜትር አስደግፎ ፎቶ ማንሳት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ደባርቅ ስንደርስ የግጭን ሰዎች አዲስ ሰፈር አየን። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ከተማው የተዛወሩት በ2008 ዓ.ም ነው፤ ፓርኩም በዓመቱ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ለዋልያው መልካም ሆነ። በጓሣ፣ በደጋው ሣር፣ ተከድኖ ያን የተራራ ብርድ ሲችል የኖረ ቤት ግን ደባርቅ ላይ አንድም የለም፤ ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው።

ስንመለስ ዳባት አጠገብ በረትና ጎጆው ከዓመታት በፊት የተነሳ ግቢ ላይ ቆምን። ድንጋዩ ተጭኖ ሄዷል፣ መሠረቱም ተለቅሞ ታርሷል። ማሳው በነጭ ሽንኩርት ተሸፍኗል፤ አመድና እበት ሲጠጣ የኖረው አፈር ላይ ያለው ሽንኩርት ከሌላው ጠቆር ብሎ፣ ቁመቱም በልጦ ከመንገድ ይለያል። ወርዱን በእርምጃ ለካነው፦ ጎጆው ስምንት፣ በረቱ አሥራ አንድ።