ስቶክፊሽ እያለ ሰው ለምን ቼዝ ያያል

ቼዝ እንደምወድ ያወቀ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፣ አሁን ማግነስ ካርልሰን ኮምፒውተር ያሸንፋል? አያሸንፍም። ስልኬ ላይ ያለው ስቶክፊሽ የሚባል የቼዝ ፕሮግራምም ይበቃዋል። ካርልሰን በ2014 የደረሰበት 2882 ሬቲንግ (የተጫዋች ጥንካሬ ነጥብ) እስካሁን ማንም ሰው ያልደረሰበት ነው፣ እንደ ስቶክፊሽ ያሉት ኢንጂኖች ደግሞ እርስ በርስ ሲጫወቱ ከ3500 በላይ ነው የሚሰጣቸው (ሚዛኑ አንድ አይደለም፣ ግን ልዩነቱ ይገባችኋል)።

ክርክሩ የምር የነበረው ዱሮ ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በ1996 ፊላደልፊያ ላይ ዲፕ ብሉ የተባለውን የአይቢኤም ኮምፒውተር 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር፣ በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። ሁሉም የሚያወራው ስለ መጨረሻዋ ጌም ነው፣ በ19 ሙቭ ስላለቀች፣ እኔን የምትገርመኝ ግን ሁለተኛዋ ነች። ካስፓሮቭ በቃኝ ብሎ እጁን ሰጥቶ ተነሳ፣ በኋላ ሲታይ ለካ አቻ መውጫ ነበረው! በሰከንድ 200 ሚሊዮን ፖዚሽን የሚያይ ማሽን መውጫ ቀዳዳ አይተውልኝም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ሳይፈልገው የቀረው። በ2006 ደግሞ ቦን ላይ ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ የሚባለው ፕሮግራም በአንድ ሙቭ ማት ሊያደርገው (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ሊጨርሰው) ሲል አላየውም፣ እሱም 4 ለ 2 ተሸነፈ፣ ከዛ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የሚሟገት ሰው ብዙም አላየሁም።

አሁን የሚከነክነኝ ላይቭ ስናይ ከቦርዱ ጎን የምትቆመው ባር ነች። ኢንጂን እያሰላ ማን እየመራ እንደሆነ በየሰከንዱ ትነግረናለች፣ እና ግማሽ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ያሰበ ግራንድማስተር ሲሳሳት እኛ ሶስት ሙቭ ማሰብ የሚያቅተን ሰዎች "ይሄ እንዴት አይታየውም?" ምናምን እንላለን። በ2018 ለንደን ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ስድስተኛ ጌም ተጋጣሚው ካሩዋና ካርልሰንን ማሸነፍ ይችል ነበር ተባለ፣ ያለው ማን ነው፣ ኖርዌይ ያለ ሱፐርኮምፒውተር ነዋ፣ ከ30 ሙቭ በላይ የሚሄድ ማት አግኝቶ፣ መሃል ላይ ደግሞ ፈረሱን የተቃራኒው የመጨረሻ መስመር ላይ መውጫ የሌለው የሚመስል ቦታ መክተት አለበት። በሰዓታት ድካም ላይ ያንን የሚያገኝ ሰው የታለ?

ማሽን ጠላት ነው እያልኩ አይደለም፣ አልፋዜሮ የሚባለው ራሱን ያስተማረ ፕሮግራም በ2017 ከመጣ ወዲህ የዳር ወታደር መግፋት ፋሽን ሆኗል፣ ካርልሰን ራሱ ከሱ ተምሯል። ጨዋታ ሲያልቅ እኔም ኢንጂን እከፍታለሁ። ሲያልቅ ግን።

በ2024 ሲንጋፖር ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን 14ኛ ጌም አስታውሳለሁ። ሻምፒዮኑ ዲንግ ሊረን በ55ኛው ሙቭ ሩኩን ያለቦታው አስቀመጠ፣ ሩኮቹ ከተለዋወጡ ቢሾፖቹም ተከትለው ይሄዳሉ፣ የሚቀረው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ ደግሞ ተሸናፊ ነው። ባሯ ወዲያው ተገለበጠች፣ አለም ሁሉ አወቀ፣ ተጋጣሚው ጉኬሽ ግን ባር የለውም፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው፣ ቦርዱን አፍጥጦ ያያል፣ ከዛ ፊቱ ሲቀየር አየነው። ባሯን ባላያት ኖሮ ከሱ ጋር አብሬ ነበር የምደነግጠው፣ እሷ ቀድማ ነግራኝ አበላሸችብኝ።

አሁን ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ሳይ ባሯን ማጥፊያ ስለሌለ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፌ ነው የማየው፣ እቤት ያሉት ስክሪኑ የተሰበረ መስሏቸዋል።