በሁዳዴ የፈተንኩት ቡድን

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንዳሠለጥን ስመደብ፣ ሜዳ ማስጠረጉ፣ ማልያ ማሟላቱና ምዝገባው በሁለት ሳምንት አለቀ። የወደቅሁት የተጫዋቾቹን አቅም ስመዝን ነው፤ ያኔ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

የተሰጠን የመምረጫ ቅጽ ከግማሽ በላይ ነጥቡን ለፍጥነትና ለትንፋሽ የሚሰጥ ነበር። እኔም የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ ብዬ በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሮጠውን ርቀት የሚለካውን የኩፐርን ፈተና መረጥሁ። የመሮጫ መም ስለሌለን 100 በ60 ሜትር የሆነውን ሜዳ ዙሪያውን በኖራ አሰመርሁና፣ አንዱን ዙር 320 ሜትር ብዬ፣ 26 ልጃገረዶችን ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አሮጥሁ።

ረቡዑ የሁዳዴ ረቡዕ ነበር። የፈተናው መመሪያ ተፈታኝ ከበላ በኋላ ሁለት ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል፤ ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ስለሚሮጥ ሰው ግን አንድ መስመር የለውም። መመሪያውን መውቀስ አይገባኝም፤ እኔም ጾመኛ ነበርሁ፣ ፊሽካውን የነፋሁት በደረቀ ከንፈር ነው።

አንዲት የነርሲንግ ተማሪ አምስት ዙር ሳትሞላ ቆመች፤ እኔም ለውድድር ከሚላከው የ18 ተጫዋቾች ዝርዝር አስወጣኋት። ይህች ልጅ በጨዋታ ላይ ኳሱ ሳይደርሳት በቀኝና በግራ ትከሻዋ በኩል ዞር ዞር ብላ ትቃኛለች፤ ስለዚህ ኳሱን ስትቀበል ለማን እንደምታቀብል አስቀድማ ጨርሳለች። ይህን በዓይኔ እያየሁ ለሩጫው ውጤት ሰንጠረዥ ብዬ ተውሁት። ለምን እንዳልነገረችኝ በኋላ ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ጾም ላይ መሆናችንን ያውቃሉ ብዬ ነው» አለችኝ።

ዝርዝሩ በተላከ በአራተኛው ቀን፣ እያንዳንዷ አብራት መጫወት የምትፈልጋቸውን ሦስት ልጆች በምስጢር ጽፋ እንድትሰጠኝ አደረግሁ። 19 ወረቀት ላይ ያቺ ልጅ አለች። አንድ ስም ለማስቀየር ወደሚመለከተው ቢሮ ብሄድ፣ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር አይነካም» አለኝ። ለውድድሩ ገና አምስት ሳምንት ነበር! አንዲት ነጭ ወረቀት ለመተካት ይህን ያህል መታበይ ምን ይሉታል?

ውድድሩ በተደረገበት ባሕር ዳር ፈጣን አጥቂዎቼ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ተከላካዮቼ ወደ ሰማይ ይለጋሉ፣ በመካከል የሚያገናኛቸው ሰው የለም። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ተሸነፍን።

የኩፐር ፈተና እ.ኤ.አ. በ1968 ለአሜሪካ አየር ኃይል አባላት የተዘጋጀ፣ ሳያቋርጡ የመሮጥን አቅም የሚለካ ነው፤ እግር ኳስ ደግሞ እየቆሙ፣ እየተስፈነጠሩ፣ እያሰቡ የሚሮጡት ነው። ቅጹ የፈለገውን ቢል፣ ተጫዋች ለመምረጥ አትጠቀሙበት። እኔ አሁን በ30 በ20 ሜትር ሜዳ አራት ለአራት አጫውታለሁ፤ በየአራት ደቂቃው ቡድኖቹን አደባልቄ ላሸነፈው ወገን አባላት ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነጥብ እይዛለሁ። ከማንም ጋር ብትመደብ የምታሸንፍ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ራሷን ታወጣለች። በጾም ወቅት ደግሞ ልምምዱን ማታ ካፈጠሩ በኋላ አደርገዋለሁ፤ የኮሌጁ ጥበቃ ስለ መብራቱ ሁልጊዜ ያጉረመርማል።

ዘንድሮ በዚህ መንገድ መርጬ ዝርዝሩን ስጽፍ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያች ልጅ ስም ነበር፤ እርሷ ግን አምና ተመርቃ፣ አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነርስ ሆናለች።