አስራ ሁለት ምሽት፣ ሰባት ሬሳ

ባለፈው የጻፍኩላችሁ ገና ሁለት ምሽት ተጫውተን ሳለ ነበር። አሁን አስራ ሁለት ሞልተናል። ሰባት ገፀ ባህሪ ቀብረናል። ሦስቱ የሞቱት በመጀመሪያው ምሽት ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነበር። እመለስበታለሁ።

ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የጀማሪዎች ሕግ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገፀ ባህሪ ሆኖ በምናብ ዋሻ ያስሳል፤ ያልታወቀውን ዳይስ ይወስናል። መሪው እኔ ነኝ፤ ዋሻውን የምተርከው፣ ፍጡራኑንም የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ጨዋታው ራሱ የወጣው በ1974 ነው፤ ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት በአንድ ሳጥን፣ የመጀመሪያው ህትመት 1,000 ቅጂ። ያዘጋጁት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ወታደሮች ጦርነት መጫወት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ከሰራዊቱ አንዱን ወታደር ነጥሎ «ይሄ እኔ ነኝ» ማለት ሲጀመር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከኛ ማንም ያን ዘመን አያውቀውም። ስለዚህ «የሚስባችሁ ትዝታ ነው» ለሚሉን፣ የምናስታውሰው ነገር የለንም።

ሕጉ 64 ገጽ ነው። ገፀ ባህሪ ለመስራት ሦስት ዳይስ ስድስት ጊዜ ትጥላላችሁ። ድምሩን ከጥንካሬ እስከ ሞገስ ላሉት ስድስት ችሎታዎች እንደ አወጣጡ ትጽፋላችሁ፤ ማማረጥ የለም። 18 የሚመጣው ከ216 አንዴ ነው። ለአንዱ ጓደኛችን ጥንካሬ 5፣ ብልህነት 16 ወጣለት። «በቃ አስማተኛ ነኝ» አለ። የህይወት ነጥቡን፣ ማለትም ስንት ጉዳት እንደሚችል፣ ለማወቅ ባለ አራት ገጹን ዳይስ ጣለ። አንድ። «ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ቢይዘው ይሞታል» አለና ስሙን ባላንድ ብሎ አወጣለት።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በመጀመሪያው ምሽት ተጫዋቾቼ ያገኙት ፍጡር ሁሉ ዘሎ ተናከሰ፤ እስኪሞት ድረስም ተዋጋ። ከቪዲዮ ጌም የለመድኩት እንደዚያ ነዋ። ሦስት ሰው ሞተ። አንዷ ጓደኛችን ለገፀ ባህሪዋ ሁለት ገጽ ታሪክ ጽፋ መጥታ ነበር፤ በሃያኛው ደቂቃ አለቀ። ሁለት ምሽት ቀረች። አልፈረድኩባትም።

ቤት ገብቼ ሕጉን እንደገና ሳነብ የዘለልኩትን ሰንጠረዥ አገኘሁት። ፍጡር ሲያጋጥም መሪው ሁለት ዳይስ ይጥላል። ሁለት ከመጣ ወዲያው ያጠቃል፤ አስራ ሁለት ከመጣ ይወዳጃል። ከስድስት እስከ ስምንት ከሆነ ምን እንደሚያደርግ ገና አልወሰነም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ይሄ ነው። ወዲያው ማጥቃት ከ36 አንዴ ብቻ! በዚያ ላይ ከመካከላቸው የመጀመሪያው ሲወድቅ፣ ከዚያም ግማሾቹ ሲያልቁ፣ ሌሎቹ ይሸሹ እንደሆነ እንደገና ይጣላል። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ክፉ ፍጡርም ነፍሱን ይወዳል።

ሌላውን ያስተማረኝ ሂሳብ ነው። አንድ ጎብሊን መግደል 5 የልምድ ነጥብ ያስገኛል። ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000 ያስፈልገዋል። አራት መቶ ጎብሊን ማለት ነው፤ ያውም ለብቻው ከገደለ። ከዋሻው ይዞ የወጣው እያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም ግን አንድ ነጥብ ነው። ይሄ ሲገባቸው ተጫዋቾቼ በአንድ ምሽት ተለወጡ። ሰይፍ መምዘዝ ትተው መጠየቅ ጀመሩ።

ዘጠነኛውን ምሽት ላሳያችሁ። ወረቀቴ ላይ የነበረው «ስድስት ጎብሊን፣ እሳት ዳር» የሚል ብቻ ነው። ዳይስ ጣልኩ፣ ሰባት። አፍጥጠው ያያሉ፣ አይንቀሳቀሱም። የባላንድ ባለቤት፣ «ድስቱ ውስጥ ምንድነው ያለው?» አለኝ። አላሰብኩበትም። «ጫማ» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣውን። ጠረጴዛው ዝም አለ። «ጫማ እየቀቀሉ ነው? ርቧቸዋል ማለት ነዋ!» የሦስት ቀን ስንቁን አውጥቶ ወደ እሳቱ ወረወረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጎብሊኖቹ ከላይ ያለው ትልቁ አውሬ ምግባቸውን እንደሚቀማቸው፣ የሚተኛበትን ሰዓትና ወርቁ ያለበትን ክፍል ሳይቀር ነገሯቸው። ያቺን ጫማ ማንም አላዘጋጃትም። ሕጉ ስለ ድስት ምንም አይልም፤ ስላላለ ነው የጠየቀው፣ ስለጠየቀ ነው የኖረችው። እኔን ከዚህ ጨዋታ ጋር ያጣበቀኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ችቦ። የዋሻው ሰዓት የሚቆጠረው በአስር በአስር ደቂቃ ነው። አንድ ችቦ ስድስት ትቆያለች። በየሃያ ደቂቃው ዳይስ እጥላለሁ፤ አንድ ከመጣ የሆነ ነገር እየመጣ ነው። ወረቀት ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመርኩ እቆጥራለሁ። በአስራ አንደኛው ምሽት የመጨረሻው ችቦ ላይ ነበርን። ወሬ ይዞኝ ሁለት መስመር ረሳሁ። ችቦውን የያዘው ልጅ ራሱ፣ «ሁለት ዘለልክ» አለኝ። በገዛ እጁ ሃያ ደቂቃ ብርሃን ቀነሰ! ማጭበርበር ቢፈልግ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። ግን ጨለማው እውነት ካልሆነ መውጣቱም አያስደስትም፤ እሱ ቀድሞኝ ገብቶታል።

ያልወደድኩትም አለ። ሌባ የሚባለው የገፀ ባህሪ ዓይነት አያስቅም? ግድግዳ ሲወጣ 87 ከመቶ፣ ቁልፍ ሲከፍት 15፣ ወጥመድ ሲፈልግ 10። በዚህ ችሎታ ማን ሌባ ይለዋል። እኛ ጋ መላ አበጅተናል፦ እንዴት እንደሚፈልግ በዝርዝር ከነገረኝ፣ ዘዴውም የሚያስኬድ ከሆነ፣ ዳይስ አያስፈልግም። ዳይሱ የሚጣለው ሐሳብ ሲያልቅ ነው። መርዝም እንዲሁ፤ አንዴ ዳይስ ትጥላለህ፣ ካልሆነልህ ሞትክ። ከሰባቱ አንዷ እንደዚያ ነው የሄደችው፣ በሸረሪት። ይሄንን እናለዝበው እያልን እስካሁን እየተከራከርን ነው። እኔ በማለዘቡ በኩል ነኝ፤ የሞተችበት ልጅ ግን «አይነካ» ይላል። ሰው አይገባኝም።

ታሪክ ጽፋ የመጣችው ጓደኛችን ተመልሳለች። አሁን የምትጽፈው ከጨዋታው በኋላ ነው፣ የሆነውን። አራት ገጽ ደርሳለች።

ባላንድ ደግሞ በአስራ ሁለተኛው ምሽት 2,500 ነጥብ ሞላ። ሁለተኛ ደረጃ! ሁላችንም ተነስተን ቆምን። ለአዲሱ የህይወት ነጥብ ባለ አራት ገጹን ዳይስ አንስቶ ተፋበት፣ አሽከረከረ፣ ጣለ።

አንድ።

አሁን ሁለት አለው። ስሙ ይቀየር አይቀየር የሚለውን በሚቀጥለው ምሽት በድምፅ እንወስናለን።