ሶፋውን በነጠላዬ ጠረግሁት

የታኅሣሥ 19 ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የገብርኤል ዕለት ማለቴ ነው። ደብረ ማርቆስ በታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ወጥታም እጅ ከጋቢ አይወጣም። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱን ሞልቶ ቆሟል። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። መርሐ ግብር መሪው ግን ማይኩን ይዞ «ጥቂት እንታገሥ» ይላል። እንግዳ እየተጠበቀ ነው። አንድ ባለሥልጣን።

እኔ አስተናጋጅ ነበርሁ። ከፊት ተውሰን ያመጣነው ሶፋ ተቀምጧል። መኪናው በሩ ላይ ሲቆም ሮጥሁ። መሬት የተቀመጡትን «እናቶች ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያልሁ መንገድ አስለቀቅሁ። ሶፋው አቧራ ለብሷል፣ መወልወያ ጨርቅ በአካባቢው የለም፣ ሰውየው ደግሞ እየደረሰ ነው፤ ጎንበስ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ያውም ሌሊት ኪዳን ባደረስሁበት ነጠላ።

ሰውየው ራሱ አፈረ። «ኧረ ተው ወንድሜ» አለኝ። እውነት ለመናገር ጠብቁኝም አላለም፣ ሶፋም አልጠየቀም። ሁሉንም ያደረግነው እኛው ነን።

የሚያሳፍረው ደግሞ መዘምራኑ ያን ሰዓት ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ገብርኤል ከእሳት ስላወጣቸው ሦስት ልጆች፣ ይዘምሩ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 6 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል በዱራ ሜዳ አቆመ፤ መለከቱና በገናው ሲሰማ ሁሉም ተደፍቶ ይስገድ፣ እምቢ ያለ እቶን ይግባ ተባለ። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። እነዚያ ልጆች እኮ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ። እንጀራቸው ከንጉሡ እጅ ነው። ሥራችንን እንሠራለን፣ አንሰግድም ነው ያሉት። አምላካችን ያድነናል አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ባያድነንም አንሰግድም አሉ። እኔ እስከ «ያድነናል» ድረስ ጎበዝ ነኝ። «ባያድነንም» ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለን የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት የተለያዩ ናቸው ተብለን ተምረናል። ጎጃም ያደገ ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ይሄ ነውር አይደለም። እንግዲያ የእኔው ምን ነበር? ኮሚቴያችን የግቢውን የይዞታ ካርታ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ የሥራ ዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ያ ሰውዬ አንድ ቃል ቢናገርልኝ እያልሁ ነው የጠረግሁት። አክብሮት ቢሆን ኖሮ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እናት ከመሬት አንሥቼ ሶፋው ላይ አስቀምጥ ነበር። (ካርታውም አልመጣ፣ ዝውውሩም አልመጣ።)

ቤተ ክርስቲያንና ሥልጣን ድሮም ጎረቤት ናቸው። ከተማችን እንኳ መንቆረር መባሏ ቀርቶ በዛሬ ስሟ የተጠራችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሥ ቢያሠራ ደስ ይላል። ክፉው ነገር ጉርብትናው ወደ አሽከርነት ሲዞር ነው፤ ያኔ ዋጋ የሚከፍል ሰው ይፈለጋል።

ደብረ ኤልያስ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት እዚያ ነው። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ያን ጊዜ ቤተ ክህነቱና ቤተ መንግሥቱ እጅና ጓንት ነበሩ፣ እሳቸውም የዚያው ዘመን ሰው ናቸው። ደርግ ሲመጣ ግን መንግሥትን ሳያስፈቅዱ 3 ጳጳሳትን ሾሙ። በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። ሐምሌ 7 ቀን 1971 ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ጎፋ ገብርኤል አርፏል። እሱም ገብርኤል። እኔ ካርታና ዝውውር ነበር የያዝሁት፣ አንገት አይደለም።

ስቅለት ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ማታ ላይ ለጥብጠባ፣ ካህኑ ጥፋታችንን ሰምተው በወይራ ቸብ እያደረጉ ስግደት ለሚያዙልን፣ ተሰለፍን። የእኔ መስመር ወደ ማን እንደሚሄድ አላየሁም ነበር፤ ቀና ስል ወይራ የያዙት እኒያው ታቦት ተሸክመው የቆሙት አባት ናቸው። ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ግንባሬ አፈር እንደለበሰ ቀረብሁ።

«ምን አጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

«አባ፣ ወንበር ጠርጌያለሁ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ።

«ባለሶፋው አንተ ነህ እንዴ? እግሬ ዝሎ የቆምሁ ዕለት?»

«አዎ አባ።»

«40 ስገድ» አሉና በወይራው ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ። ከፊቴ የነበሩትን ግን እንደዚያ የመቱ አልመሰለኝም።