ሦስቱ ዘጠኞች፤ የጎንደር የጥር ማስታወሻ

በ2010 ጥር ጎንደር የሄድኩት ለጥምቀት ነበር። ስለ በዓሉ ብዙ ሰው ጽፏል። በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የዛፎቹ ሥር ግንቡን አቅፎ ሲወርድ፣ ሌሊቱን በዝማሬ የሚያድረው ሕዝብ፣ ጠዋት ውኃው ሲባረክ ተወርውሮ የሚገባው ወጣት፣ ሁሉንም አይቻለሁ። መታየት ያለበት ነገር ነው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ ሽጉጥ፣ ስለ ጥይትና ስለ ኢላማ ወሬ ነው።

አባቴ ወታደር ነበር። እሑድ እሑድ ጋዜጣ አንጥፎ ማካሮቭ ሽጉጡን ይፈታታል፣ ይወለውላል፣ ዘይት ይቀባል፣ መልሶ ይገጥማል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው ያደግኩት። ኢላማ መምታት የምወደውም፣ የብረቱ አሠራር የሚስበኝም ከዚያ የተነሳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይህን የሚያወራኝ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለ ሽጉጥ ስታነሳ ሰው ፊቱን ያጠቁርብሃል፣ ወይ ጸብ ያለብህ ይመስለዋል። ጎንደሬው ጓደኛዬ «አንተማ እኛ ጋ መምጣት ነው ያለብህ» ይለኝ ነበር።

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ወጣን። ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን ስንደርስ ገበያ ነበር። ክላሹን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በግ የሚነዳ ገበሬ አየሁ። ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። ሴቶቹ የበጉን ዋጋ ይጠይቁታል፣ እሱም ይመልሳል።

ይህ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው አገር የጠመንጃ ታሪክ የሞላበት ነው። ግራኝ አሕመድ በ1535 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ የወደቀበት ወይና ደጋ በዚሁ በኩል ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሡን ሊረዱ ምጽዋ ላይ የወረዱት ፖርቱጋሎች ነፍጣቸውን ይዘው 400 ያህል ነበሩ። ወደ ጎንደር ስንጠጋ ደግሞ ቁልቋል በር አለ። ጣሊያን በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ወር የመጨረሻ ምሽጉን ይዞ የተዋጋው እዚያ ነው። ቁልቋል በር ከተሰበረ በኋላ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ለመስጠት አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ከማነሳት አንዲት ሽጉጥ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ጠዳንና አዘዞን አልፈን ከተማ ገባን።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት አለ። ጓደኛዬና ወዳጆቹ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይሰበሰባሉ። አንዱ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት። አንዱ የታሪክ መምህር ነው። አንዱ ጋራዥ አለው፤ እጁ ላይ ግራሶ አይጠፋም። እንግዳ መሆኔን እንኳ ሳያስቡት ወሬያቸውን ቀጠሉ። ባለጋራዡ ቶካሬቭ ስለምትባለው ሽጉጥ እየተሟገተ ነበር።

«ፍጥነቷን ተዉት! ጥይቷ ቀጭን ናት፣ ግን ምን ያቆማታል?»

ጋሼ ስኒውን አስቀመጠ። «ፍጥነት አላት፣ አልካድኩም። መቆለፊያዋ የታለ?»

እውነቱን ነው። ሩሲያ ሠራሿ ቶካሬቭ በመጀመሪያው አሠራሯ ለብቻው የሚቆለፍ የደኅንነት ማንሻ የላትም። መዶሻዋን ግማሽ መንገድ ላይ የምታቆምበት ጥርስ ብቻ ነው ያላት። ማካሮቭ ግን በግራ ጎኗ ማንሻ አላት፤ ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፣ የተነሳውን መዶሻም በደኅና ይመልሰዋል። ሁለቱም ካዝናቸው ስምንት ስምንት ጥይት ይይዛል። ጋሼ ስንት ዘመን ወገቡ ላይ ማካሮቭ ታጥቆ የዞረ ሰው ነው። የእሱ ምርጫ በፍጥነት አይደለም። «ልጆች ያሉበት ቤት ይዤው የምገባውን ነው የምመርጠው» አለ። ባለጋራዡ ለዚህ መልስ አላገኘም። ቢሆንም አልተሸነፈም፤ ወሬውን ወደ ጥይት አዞረው።

የማካሮቭ ጥይት በጣሊያን ቤሬታ ውስጥ ይሠራል ብሎ የነገረው ሰው አለ። «ያው ዘጠኝ አይደለች?» አለ። ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቀና የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ጻፈ። ዘጠኝ በ17፣ ዘጠኝ በ18፣ ዘጠኝ በ19። የመጀመሪያው ቁጥር ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቷ እርሳስ ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የቤሬታዋ ባለ 17ቷ ናት፤ ጣሊያኖቹ አጭር ዘጠኝ ይሏታል። የማካሮቭ ባለ 18ቷ ናት። ባለ 19ኟ ዓለም ሁሉ የሚይዛት፣ ጀርመናዊው ሉገር ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያወጣት ናት። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የማካሮቭ እርሳስ በልኬት 9.27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከሁለቱ ይወፍራል። ቀለሁም ከቤሬታዋ ማጉረሻ ይረዝማል።

«በግድ ላስገባ ያለ ሰው ጣቱን ነው የሚያጣ» አለ ጋሼ። ካርቶኑን ለባለጋራዡ ሰጠው። ባለጋራዡም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ይህ ወሬ በጣም ደስ አለኝ። ማንም አልፎከረም፣ ማንም ገደልኩ አላለም። ሰዎቹ ብረቱን ያውቁታል፣ ስለሚያውቁትም ይጠነቀቁታል። ያረጀና እርጥበት የነካው ጥይት ሲከሽፍ ምን ማድረግ እንዳለበት ጋሼ ለመምህሩ ሲያስረዳ ሰማሁት። ቶሎ ከፍተህ አትይ፤ አፈሙዙን ወደ አፈር አድርገህ ጠብቅ፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። አባቴም ቃል በቃል እንዲህ ይለኝ ነበር።

መምህሩ ብዙ አይተኩስም። የሚወደው ታሪኩን ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ነገር ያነሳው እሱ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን እንደጠጡ የማያውቅ የለም። ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደነበረም ይታወቃል። የብዙ ሰው ወሬ ግን እዚያ ያቆማል። ንግሥቲቱ ለምን ሰጠች?

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ጎንደር ነው። ፕላውደን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ የቴዎድሮስ ወዳጅ። በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲነሳ ጎንደር አቅራቢያ ሸፍተው የነበሩ ሰዎች አቆሰሉት። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ከቁስሉ ግን አልዳነም። ቴዎድሮስ ደሙን ተበቀሉ። ንግሥቲቱም ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና ይሁን ብላ ሽጉጥ ላከች፤ ቃሉም ተቀርጾበታል። «እንግዲህ አስበው» አለኝ መምህሩ። «ፕላውደን ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ የንግሥቲቱ ጦር መቅደላ ሲወጣ ያቺው ሽጉጥ ናት በእጃቸው የነበረችው።» ታሪኩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከጎንደር መጀመሩን ግን ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የጓደኛዬ ዘመድ ሠርግ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጠዳ በኩል ነው። ሠርገኛው ከመምጣቱ በፊት አጎቱ ዘንድ ገባን። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ። ስለ እኔ ቀድሞ ተነግሯቸዋል።

«ብረት ትወዳለህ አሉኝ።»

«አዎ አባባ።»

«ቆይ እንግዲያ።»

ከጓዳ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ቤሬታ ናት። አባታቸው ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ያገኟት ናት። ሳይሰጡኝ በፊት ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ ሽጉጥ የሚያውቅ ሰው የሚለየው በዚህ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን ከእጀታው ሥር አወጡ። ከዚያ የላይኛውን ብረት ስበው ማጉረሻውን አዩ። ዓይናቸውን አላመኑትም፤ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱ። ከዚያ በኋላ ነው አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው እጀታዋን ወደ እኔ የዘረጉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሳበ ሰው አራገፍኩ ሲል አዲስ ጥይት ያጎርሳታል።

ቀዝቃዛ ናት፣ ለመጠኗም ከበድ ትላለች። በግራ ጎኗ ጽሑፍ አለ። የፋብሪካው ስም፣ አጭር ዘጠኝ መሆኗ፣ ሞዴል 1934፣ የተሠራችበት ከተማ ጋርዶኔ። መጨረሻው ላይ 1938 ይልና አጠገቡ በሮማ ቁጥር አሥራ ስድስት አለ። ይህ አሥራ ስድስት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ የተቆጠረ የፋሽስቶች ዓመት ነው። ሽጉጥ ላይ ሳይቀር የራሳቸውን ዘመን አትመውበታል! ሽማግሌው 1934 የሚለውን ጣሊያን ከጎንደር የወጣበት ዓመት አድርገው ነበር የሚያዩት፤ በእኛ አቆጣጠር በእርግጥም 1934 ነው። የፋብሪካው ግን በፈረንጅ ነው፤ ሽጉጧ በሞዴልነት የወጣችበት ዓመት። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ጽሑፉን አዩት። «እንዲያም ሆነ እንዲህ እዚሁ ነው የቀረችው» አሉና ተቀበሉኝ።

ፈቃዷን በላስቲክ ከሽጉጧ ጋር ያስቀምጧታል፤ ያኔም አሳዩኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሲወጣ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። መሣሪያ በፈቃድና በምዝገባ ይያዝ ማለት ለእኝህ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጥይቷን ግን አልተኮሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባለ 17ቷ እንደ ልብ አትገኝም፤ ያለቻቸውን ያስቀምጣሉ።

ሠርጉ ደመቀ። ዳጉሳ ጠላው ጥሩ ነው፣ ሽለላው ጥሩ ነው። በዚያ አገር በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ የተለመደ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ልማድ አልወደውም። ቀጥ ብላ የወጣች የጠመንጃ ጥይት ስትመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ትወርዳለች። ጭንቅላት ላይ ካረፈች ልትገድል ትችላለች። አጋድሎ የተተኮሰማ ከዚያም ብሶ ፍጥነቱን እንደያዘ ሩቅ ሄዶ ያርፋል። ሽማግሌው ግን ይህን ሁሉ ቁጥር አላስፈለጋቸውም። ጠመንጃ ይዞ የመጣውን ሁሉ በር ላይ እየተቀበሉ ጎታው አጠገብ አስደገፉት። አንድ ጎረምሳ «አባባ፣ ሠርግ እኮ ነው!» አለ።

«ስትተኩስ የት እንደምትወርድ ታውቃለህ?»

ዝም አለ።

«ነገ ጠዋት የት እንደምትወርድ አይተህ ትተኩሳለህ።»

በነጋታው ወንዙ ዳር ወረድን። ከጀርባው ቀጥ ያለ የአፈር ገደል አለ፤ የሳተች ጥይት ሁሉ እዚያ ትቀራለች። ከፊቱ ቅል አስቀመጡ። ደንቡ አጭር ነው። ለአንድ ሰው አንድ ጥይት፤ የመታ ይፎክራል፣ የሳተ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ የኢላማ ጨዋታ በየትም አላየሁም። ሠላሳ ጥይት አከታትሎ ከሚያርከፈክፍ ሰው ይልቅ አንዷን የሚያስብባት ሰው እንዴት እንደሚቆም ልታዩ ይገባ ነበር። ጎረምሳው ተራው ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፤ እግሩ መሬቱን እንዲይዝለት ነው። ትንፋሹን ግማሽ አስወጣና ያዘ። ቅሉ ተበተነ። ፉከራው ከወንዝ ማዶ ተሰማ።

ፖሊሱ ጋሼም አብሮን ነበር፤ ለእኔ ማካሮቩን ሰጠኝ። በ25 እርምጃ ነው። «ምላጩን አትንጠቀው፤ ጭመቀው። መቼ እንደምትፈነዳ አንተም አትወቅ» አለኝ። የማካሮቭ አፈሙዝ ርዝመቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ርቀት ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙ ታስታለች። ዓይኔን ከቅሉ ላይ አንስቼ የፊቷ ማነጣጠሪያ ላይ ብቻ አደረግሁ። የቅሉን ጎን መታሁት። ፉከራ ስለማልችል ጓደኛዬ ፎከረልኝ፤ የአባቴን ስም እየጠራ።

ሲያበቃ ጋሼ ቀለሆቹን አንድ በአንድ ለቀመ። የተተኮሰውንና የለቀመውን እስኪገጥም ማንንም ከቦታው አላስነሳም። አንዱን አንስቶ ቂጡን አሳየኝ፤ የፋብሪካው ቁጥርና የተሠራችበት ዓመት ታትሞባታል። «ከኔ በፊት ጡረታ መውጣት የነበረባት ናት» አለኝና ከሌሎቹ ጋር በከረጢት ከተታት።

ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ባለጋራዡ አሁንም ስለ ቶካሬቭ እያወራ ነው። ጋሼ ደግሞ የማካሮቩ አፎት ስፌቱ ስለለቀቀ አዲስ አበባ ጥሩ ቆዳ ሠሪ ካወቅኩ እንዳሠራለት በሲባጎ የለካውን ሰጠኝ። መርካቶ የአባቴን አፎት የሠራው ሰውዬ ልጅ አሁንም ይሠራል፤ እሱ ዘንድ አሠርቼ በአውቶቡስ ላክሁለት። በሳምንቱ ደወለ። አፎቱ ልክ ነው፣ ክዳኑ ግን ማንሻውን እየነካ ይገፋዋል፤ በዚያ በኩል ትንሽ ይጎደብ። ይህን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ሰውዬው ጋ መልሼ ሄጄ ነገርኩትና በሌላ ቆዳ አዲስ ሠራለት።