ለሁለት ሰው አንድ ባይኖኩላር አይበቃም

ባልና ሚስት ወፍ ለማየት ሲወጡ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ሩቁን ከሚያቀርበው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር፣ ከባይኖኩላሩ ነው። አንዱ አስተካክሎ ያየበትን ሌላው ሲቀበለው ይደበዝዝበታል፤ እስኪያስተካክለው ወፏ የለችም። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ዓይን እንኳ ብዙ ጊዜ እኩል አያይም። ከአንድ ውድ ሁለት መካከለኛ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ሸፍኑ፤ ዓይናችሁን ግን አትጨፍኑ፣ የተጨፈነ ዓይን ሌላውን ያጨናንቀዋል። በግራ ዓይን ራቅ ያለ ቀጭን ቅርንጫፍ እያያችሁ ጥርት እስኪል የመሐሉን ጎማ አዙሩ። ከዚያ ክዳኑን ወደ ግራው አዛውሩና ጎማውን ሳትነኩ በቀኝ ማያው ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ቀለበቷ የቆመችበትን ምልክት ልብ በሉ፤ ቦርሳ ውስጥ ስትታሽ ትዞራለች። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ዓይን የሚጠጋበትን የማያውን ጠርዝ ወደ ውስጥ መልሱት፣ አለዚያ የሚታያችሁ በቀዳዳ እንደማጮለቅ ነው።

መጠኑን በተመለከተ 8×42፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ፣ ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጅ መንቀጥቀጡንም 10 እጥፍ ያጎላል። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊሜትር ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን በጨለማም እንደ ድሮው ስለማይሰፋ፣ 8×50 የሚጨምረው ብርሃን ውጭ ይቀራል። አንገት ላይ የሚቀረው ክብደቱ ነው።

ወፏን ያየ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይኑ ያምጣ እንጂ በባይኖኩላሩ አይፈልጋት። ለሌላው ሲጠቁም አቅጣጫውን እንደ ሰዓት ገጽ በሰዓት ቁጥር መናገር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ ሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ሌላው በአማርኛ የሚቆጠረውን ካሰበ የ6 ሰዓት ልዩነት ስላለ ወፏን የሚፈልጋት በትክክል በተቃራኒው ወገን ነው።

ካሜራው ላይ ሰው ገንዘቡን ሌንስ ላይ ያፈሳል፤ ፎቶው የሚበላሸው ግን የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ሲያንስ ነው። ለተቀመጠች ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ ለምትበር ቢያንስ 1/2000 ያዙ። ፍጥነቱ የሚገባውን ብርሃን ስለሚቀንስ ፎቶው ሻካራ ቢሆን ግድ የለም፣ ሻካራው በኋላ ይለሰልሳል፤ የተንቀሳቀሰ ግን አይድንም። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ጥቁር ጥላ ፊት የቆመች ነጭ ወፍ ላባዋ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነው፣ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/−) አንድ ደረጃ ቀንሱለት። ደማቅ ሰማይ ላይ ለምትበረው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደረጃ ጨምሩ።

መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምታነሱ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። ወፏ ድምፁን ልትለምደው ትችላለች፣ ሌንሱ ግን ንዝረቱን አይለምደውም። ሁለት ሦስተኛው በሩዝ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ ጣሉና ሌንሱን አስተኙበት። ጢም ብሎ ከተሞላ እንደ ድንጋይ ያንከባልለዋል። ረፋዱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ ይርገበገባል፤ ያኔ ሩቅ ያለችውን ወፍ የትኛውም ሌንስ አያጠራትም። ካርዱን ከመሙላት ተቀምጦ ማየት ይሻላል።

ወፍ ስትነሳ ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ነው። ስለዚህ ነፋሱም ፀሐዩም ከጀርባችሁ የሚሆኑበትን ቦታ ምረጡ፤ ክንፏን ዘርግታ ወደ እናንተ ትመጣለች። በተቃራኒው ከቆማችሁ የምታመጡት የጅራት ፎቶ ነው።

ጎጆ አጠገብ ሌላ ምልክት አለ። እናቲቱ ትል በአፏ ይዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ካልገባች እናንተን ፈርታ ነው። ካሜራውን አውርዳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እስክትገባ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ።